ኳስም ደቦ ነው

ትንሽ ልጅ ብቻውን መጫወት ያውቃል። በጭቃ ቤት ይሠራል። ዱላ ፈረስ አድርጎ ይጋልባል። የበቆሎ አገዳ እንደ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ይህ ሁሉ የብቻ ጨዋታ ነው። ፈረሱም የእሱ ነው፤ በሬውም የእሱ ነው። ማንም አይቀማውም።

አንድ ቀን ግን ታላላቆቹ ይጠሩታል። «ና፥ ሰው ጎድሎናል!» ይሉታል። ያን ቀን ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ውስጥ ይገባል። ለእኛ ትንሽ ነገር ይመስለናል። ለልጁ ግን ትልቅ ቀን ነው። ዛሬ ስለዚያ ቀን እንነጋገር።

ኳሷ ከምን ትሠራለች?

ለዚህ ጨዋታ ብዙ ብር አያስፈልግም። ያረጀ ካልሲ ይገኝ። ውስጡ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቅጠቅ። አፉ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ኳስ ሆነ ማለት ነው። ካልሲ ከሌለ ጨርቁን አድቦልቡሎ ዙሪያውን በሲባጎ ማሰር ይቻላል። ግቡ ደግሞ ሁለት ድንጋይ ነው።

በትልልቆቹ ጨዋታ በየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን በየወገኑ 4 ወይም 5 ልጅ ይበቃል። ሜዳውም ጠበብ ይበል። ያን ጊዜ ኳሷ ለሁሉም ትደርሳለች። ቆሞ የሚውል ልጅ አይኖርም።

የመጀመሪያው ቀን

እስቲ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ እናስብ። ሁለት ትልልቅ ልጆች የቡድን መሪ ይሆናሉ። አንዱ አንድ ልጅ ይመርጣል፤ ሌላውም አንድ ይመርጣል። ትንሹ እስከ መጨረሻው ሳይመረጥ ይቀራል። ልቡ ይመታል። በመጨረሻ «አንተ ከኛ ጋር ነህ» ሲሉት ፊቱ ይበራል።

ጨዋታው ሲጀመር ትንንሾቹ ሁሉ ኳሷን ከበው ይሮጣሉ። ንብ አውራዋን ተከትላ እንደምትጎርፍ ማለት ነው። ቦታውን የሚጠብቅ የለም። ኳስ ያገኘ አይሰጥም። አብዶ ሠርቶ ማለፍ ያምረዋል፤ ወዲያው ይነጠቃል። ጓደኛው «አቀብለኝ! አቀብለኝ!» ሲለው አይሰማም። አንዳንዱ ተሳስቶ በራሱ ግብ ላይ ያገባል። ሲስቁበት ያለቅሳል። «አልጫወትም!» ብሎ ኳሷን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድም አለ።

ይህ ክፋት አይደለም፤ ልጅነት ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ኳሷን ያያል እንጂ ሜዳውን በሙሉ ማየት ገና አልለመደም። ሲደጋግም ግን ቀና ማለት ይጀምራል። ጓደኛው የት እንደቆመ ያያል። አንድ ቀን ኳሷን ያቀብላል። ጓደኛው ያገባል። ሁለቱም እየዘለሉ ይጮኻሉ። እሱ ራሱ ያላገባው ግብ የእሱም እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

ደቦን የሚያውቅ ይህን ያውቃል

ይህ ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በደቦ አጨዳ ጊዜ አንዱ ያጭዳል። አንዱ ነዶ ያስራል። አንዱ ይከምራል። ሴቶች እንጀራውንና ጠላውን ያደርሳሉ። «ክምሩ የማን ነው?» ቢባል የሁሉም ድካም አለበት። ኳስም እንዲሁ ነው። አንዱ ይከላከላል፤ አንዱ ያቀብላል፤ አንዱ ያገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም?

በቡድን መጫወትም ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በገና ሰሞን በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ቆልማማ ዱላ ይዘው፥ ሩር ሲያሳድዱ ኖረዋል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ አብረው ይጫወቱ ነበር። ጌታው ቢመታም እንዳይቆጣ ወግ ነበረ።

ስለ እግር ኳስም አንድ ታሪክ እናስታውስ። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያና ግብፅ ለዋንጫ ተጋጠሙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች። ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። በመጨረሻ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ግቦቹን ማን አገባ? ግርማ ተክሌ አንድ፥ ሉቺያኖ ቫሳሎ አንድ፥ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፥ መንግሥቱ ወርቁ አንድ። አራት ግብ፥ አራት ሰው! «ሁሉንም እኔ» ያለ የለም።

ወላጅ ምን ያድርግ?

«ልጁ ኳስ ኳስ ሲል ከብቱ ሰብል ይገባል» የሚል አባት አለ። ስጋቱ እውነት ነው። በሬ ማሳ ከገባ የቤተሰብ ቀለብ ይጠፋል። ስለዚህ የሥራና የጨዋታ ሰዓት ይለይ። እረኞች ተራ ይግቡ። ግማሹ ከብት ሲጠብቅ ግማሹ ይጫወት። ይህም ራሱ ወንፈል ነው።

ጨዋታ ግን ሥራ ፈትነት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. መመሪያ አውጥቶ ነበር። በመመሪያው ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ጠንከር አድርገው እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ሩጫና ዝላይ ልብንና አጥንትን ያጠነክራል።

ሴት ልጅስ? ብዙ ጊዜ ውኃ ተሸክማ ስታልፍ ሜዳው ዳር ቆም ብላ ታያለች። «ሴት ኳስ ምን ያደርግላታል?» የሚል አለ። እሷም እግር አላት፤ ጓደኛ አላት። ወንድሟ አንዳንድ ቀን ጀሪካኑን ቢሸከምላት እሷም ትጫወታለች። እሱም ማቀበልን ቤት ውስጥ ተማረ ማለት ነው።

እነዚህንም እናስብ፤

1. ሜዳው ላይ ያለ እሾህ፥ ስባሪ ጠርሙስና ሹል ድንጋይ አስቀድሞ ይለቀም። ገደል አፋፍና የመኪና መንገድ ላይ አይጫወቱ።
2. ትንንሾች ከትንንሾች ጋር ይጋጠሙ።
3. በረኛነት በተራ ይሁን። ሁልጊዜ ደካማው ልጅ ብቻ አይቁም።
4. ሲጫወቱ ንጹሕ ውኃ ይጠጡ።
5. የተሸነፈ ልጅ አይሳቅበት።

ማታ ልጁ አቧራ ለብሶ ሲገባ «አሸነፍክ ወይ?» ብቻ አትበሉት። «ለማን አቀበልክ? አንተንስ ማን አቀበለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ የጓደኞቹን ስም እየጠራ ይነግራችኋል። ነገ ደቦ ሲጠራ ማጭዱን ይዞ የሚመጣው ይህ ልጅ ነው።

ለውይይት

1. ኳስና ደቦ በምን ይመሳሰላሉ?
2. በቀበሌያችሁ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ አለ? ከሌለስ ምን ማድረግ ይቻላል?
3. በቤታችሁ ሴት ልጅ መጫወቻ ሰዓት አላት? ማን ሊያግዛት ይችላል?