ከመኪናችሁ ሥር «ሲጥ ሲጥ» የሚለው ምንድን ነው?

ከመገናኛ ሲኤምሲ የሚወስደውን አስፋልት ለቀው ወደ ጉርድ ሾላ ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ሲገቡ ሲጥ ሲጥ የሚሉ መኪኖች ብዙ ናቸው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን እንዲህ ለዩት።

1. ሞተር አጥፍታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ የመኪናውን አራት ማዕዘኖች ተራ በተራ ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁ። ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ። የትኛው ጎማ ጋ እንደሆነ ይታወቃል።

2. ጠዋት በብርድ የሚብስ፣ ዝናብ ሲነካው የሚጠፋ ከሆነ የደረቀ ጎሚኒ ጠርጥሩ፤ ከስታብላይዘሩ ጀምሩ። ዘይት ወይም ግራሶ አትቀቡት፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል። ሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት። ዝም ካለ ምንጩን አገኛችሁ እንጂ አልጠገናችሁም።

3. መኪናው ቆሞ መሪ ስታዞሩ ከጮኸ የሾክ አብዞርበሩን የላይኛ መቀመጫና ቦል ጆይንቱን አስፈትሹ። ቦል ጆይንት ለነገ አይባልም፤ ከወለቀ ጎማው ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝም።

4. ፒክአፕ ከኋላ ከጮኸ የባሌስትራውን ጎሚኒና በቅጠሎቹ መሀል የገባውን አፈር እዩ።

ጎሚኒ ስታስቀይሩ ደግሞ አንድ ነገር ተከታተሉ፦ ብሎኑ በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው ክብደቱን ጎማው ላይ ጥሎ ሳለ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ስለሚቀር አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል። ጎማውን የሚይዘው ክንድ (ኮንትሮል አርም) ጎሚኒ ወይም ቦል ጆይንት ከተቀየረ አላይመንት ሳታሠሩ አትሂዱ።