የጡረታ መዋጮ እና በግል ስም የሚቀመጥ ገንዘብ ልዩነት

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። ብዙዎች ይህ ገንዘብ በስማቸው ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው ያስባሉ። የጡረታ ዐቅድ አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ መዋጮው ወደ ጋራ ፈንድ ይገባል፤ አበሉም የሚሰላው ከተጠራቀመው ገንዘብ ሳይሆን ከአገልግሎት ዘመንና ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው።

ለአብነት በታች ጋይንት ወረዳ፣ አርብ ገበያ ከተማ 24 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ፣ አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 14 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። ድምሩ 47.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,800 ብር ይሆናል። ይህን በሕይወት እስካለ ድረስ ያገኛል፤ ቢሞትም አበሉ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ በሕግ በተወሰነው ድርሻ ይተላለፋል። አገልግሎቱ 10 ዓመት ካልሞላ ግን ወርኃዊ አበል አያገኝም።

በግል ስም የሚጠራቀመው ፕሮቪደንት ፈንድ ነው። አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከመውጣቱ በፊት በዚህ ዐቅድ የታቀፉ ሠራተኞች በምርጫቸው እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል። ቺሊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ሕዝባዊ ጡረታዋን ወደ ግል ሂሳብ በለወጠችበት ጊዜም መነሻው ይኸው ሐሳብ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው ያለውን ያውቃል፣ የተረፈውም ለወራሾቹ ይሆናል። ይሁንና የዋጋ ንረት ሲያሳንሰው ወይም ዕድሜ ሲረዝም ጉዳቱን የሚሸከመው ብቻውን ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ካለቀ ተከታይ የለውም።

በጡረታ ዐቅድ ውስጥ ላለ ሠራተኛ ትልቁ ሥጋት ሌላ ነው፤ የተቆረጠበት መዋጮ በአሠሪው አለመከፈሉ ወይም አገልግሎቱ በትክክል አለመመዝገቡ። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤን፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድንና የጡረታ መለያ ቁጥርን መያዝ ይገባል። ከመንግሥት ወደ ግል ድርጅት የተዛወረ ሠራተኛም የቀድሞ አገልግሎቱ ስለሚደመርለት የመልቀቂያና የአገልግሎት ማስረጃውን ሥራውን በለቀቀበት ጊዜ መውሰድ አለበት። ከዓመታት በኋላ የተዘጋ ድርጅትን ሰነድ ማፈላለግ አስቸጋሪ ነው።