ዳግም አንደኛ ዓመት

ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የሚሠራ አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ እናስብ። ከ10ኛ ክፍል በኋላ ግብርና ኮሌጅ ገብቶ 3 ዓመት ሠልጥኗል፤ በዲፕሎማ ተመርቆ ቀበሌ ተመድቧል። ከዚያ ወዲህ የማሽላ አገዳ ቆርቁርን ከነጊዜው ለይቶ ያውቃል፤ የመስኖ ውሃ ከሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶች ጋር ተቀምጦ የመስኖ ተራ ያስታርቃል፤ ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ በየማሳው ምን እንደሚያፈራ ከአርሶ አደሩ ጎን ቆሞ አይቷል። ይህ ሰው ዲግሪ ቢፈልግ ሩቅ አይሄድም። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ እዚያው መርሳ ላይ ነው። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፦ የተማረው 3 ዓመትና በሥራ ያካበተው እውቀት ሬጅስትራር ቢሮ ሲደርስ ስንት ይያዝለታል?

መልሱ እንደ ዩኒቨርሲቲው፣ እንደ ዓመተ ምሕረቱና እንደ መመሪያው ሲለዋወጥ ኖሯል። በዚህ መሀል ብዙ ሰው የሚያውቀውን ትምህርት እንደ አዲስ ለመማር ዳግም አንደኛ ዓመት ተቀምጧል። ይህ የገንዘብም የዕድሜም ብክነት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ደመወዙ ትንሽ፣ ቤተሰቡ ብዙ የሆነው ሠራተኛ ነው።

ጥያቄው ለወሎ ምድር እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር ወረቀት አይጠየቅም ነበር፤ መምህሩ ያስብለዋል፣ ያደምጠዋል፣ ከደረሰበት ያስቀጥለዋል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ደግሞ በታወቀ ቦታ ይሰጣል፤ የድጓ ምስክር ጋይንት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ነው። በየጁ ዳና ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ በናኘው የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ቀርቶ ሲጨርስ ከሸኹ ኢጃዛ ይቀበላል፤ ኢጃዛ ያገኘ ያንኑ ኪታብ ለሌላው ያቀራል። በሁለቱም ዘንድ የሚመዘነው ሰውዬው የያዘው እውቀት ነበር። ስንት ሰዓት ተቀመጠ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት የመጣው ሰዓት እየቆጠረ ነው። ክሬዲት ሰዓት የምንለው መለኪያ በአሜሪካ የካርኔጊ ፋውንዴሽን ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካስፋፋው አሠራር የተወረሰ ሲሆን፣ በጥቅሉ በሳምንት 1 ሰዓት የክፍል ትምህርት ለአንድ ሴሚስተር ማለት ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ወደ ሞጁል ሥርዓት ሲዞሩ ኢሲቲኤስ የተባለው፣ ከአውሮፓ የመጣው የክሬዲት መለኪያ ገባ። እሱ ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበትን ብቻ ሳይሆን ቤቱ የሚያጠናበትንም ስለሚያስብ፣ የ3 ክሬዲት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይጻፋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጡት የጋራ ኮርሶች ተመለሱ፤ የብዙ ዲግሪዎች ጊዜም ከ3 ወደ 4 ዓመት ከፍ አለ። በአንዱ ሥርዓት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው በሌላው ሲመለስ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ቁጥር ከአዲሱ ካሪኩለም ጋር አይገጥምም።

ዝውውር ራሱ ቀላል አይደለም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተቋም ወደ ተቋም መላክ አለበት፤ ተማሪው በእጁ የያዘው ስቱደንት ኮፒ አይበቃም። የኮርሱ ይዘት ተቀራራቢ፣ ክሬዲቱ ያላነሰ፣ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ሲ እና ከዚያ በላይ መሆን ይጠበቅበታል። የትምህርት ክፍሉ ካመነበት ኮርሱ ይያዛል፤ ካላመነበት ይደገማል። ውሳኔው በዚያ ቀን ፋይሉን በገለጠው መምህር ፈቃድ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ማስረጃ የአቻ ግምት የሚያገኝበት የታወቀ መሥሪያ ቤት እያለ፣ በአንድ ዞን ውስጥ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገር ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ማወቅ አልቻለም።

በሙያ ዘርፍ ግን አገሪቱ አንድ ትልቅ ነገር ሠርታለች። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን በደረጃ፣ ከ1 እስከ 5፣ ከፋፈለና ብቃትን ከማሠልጠኛው ውጭ በሆነ ምዘና እንዲረጋገጥ አደረገ። ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው ይህ ነው። ቁም ነገሩ ምዘናው ለሁሉም ክፍት መሆኑ ላይ ነው። ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ቁልፍ እያቀበለ ያደገ መካኒክ፣ ከአባቱ ብየዳ የለመደ ብረታ ብረት ሠራተኛ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የጽሑፍና የተግባር ፈተናውን ካለፈ የብቃት ማረጋገጫ ያገኛል። የት ተማርክ ሳይሆን ሠርተህ አሳየኝ ተብሎ ተጠየቀ ማለት ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሲኦሲ ያለፈ ሰው ሙያውን አስመሰከረ እንጂ የዲግሪ ኮርስ አልተያዘለትም። የደረጃ 4 ማረጋገጫ ወደ ዲግሪ ማለፊያ በር ሆኖ አገልግሏል፤ በሩን ካለፈ በኋላ ግን ስንት ኮርስ እንደሚቀነስለት የሚናገር ወጥ ሰንጠረዥ አልተከተለም። በተቃራኒው ደግሞ በ10+3 (ከ10ኛ ክፍል በኋላ 3 ዓመት) ወይም በደረጃ ሠልጥነው ሲኦሲ ሳያልፉ የግል ኮሌጅ ዲግሪ የጀመሩ ብዙዎች፣ ተመርቀው ከወጡ በኋላ ማስረጃቸው ሲጣራ ዲግሪያቸው ተቀባይነት አጥቷል። መዝጋቢው ሲመዘግባቸው ያልተጠየቀ ወረቀት ከዓመታት በኋላ ቀጣሪው ጠየቀ።

የመሥሪያ ቤቶች መለያየትም ሌላው ችግር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ዩኒቨርሲቲውም ቴክኒክና ሙያውም በሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር አንድ ላይ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ቴክኒክና ሙያን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ዩኒቨርሲቲዎችን ለትምህርት ሚኒስቴር ሰጠ። ስለዚህ ወልድያ ከተማ ውስጥ ጎረቤት የሆኑት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው ወደ ላይ ሲታዩ ተጠሪነታቸው ለየቅል ነው።

የሥራ ልምድን ለዲግሪ መቁጠር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ማስረጃው በራሳችን ግብርና ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 የያኔው ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳሳካዋ ከተባለው የጃፓን በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ በሥራ ላይ ላሉ ዲፕሎማ ያላቸው የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የዲግሪ መርሐ ግብር ከፈተ። ሐሳቡ መጀመሪያ የተሞከረው ጋና፣ ኬፕ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሠራተኞቹ እንደ ጀማሪ ተማሪ አልታዩም፤ ልምዳቸው እንደ መነሻ ተወስዶ የትምህርቱ ጊዜ አጠረ። ከትምህርቱ አጋማሽ በኋላም ወደየሥራ ቦታቸው ተመልሰው፣ ከአርሶ አደሩ ጋር የመረጡትን ችግር ለወራት እየሠሩበት መምህራኖቻቸው እዚያው ድረስ ሄደው ይገመግሟቸዋል። ይህ የተግባር ሥራ ለዲግሪው ይታሰባል። መርሐ ግብሩ በኋላ ባሕር ዳርንና ወሎን ጨምሮ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። የመምህራን የክረምት ትምህርትም በራሱ መንገድ እንዲሁ ነው፤ በሰርተፊኬት ሲያስተምሩ የቆዩ የሀብሩና የጉባ ላፍቶ ወረዳ መምህራን ክረምት ክረምት እየተማሩ ዲፕሎማ፣ ከዚያም ዲግሪ የያዙት ሥራቸውን ሳይለቁ ነው።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትቆይ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ወደመ። በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ ከሌላ ክልል የሄዱ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወጡና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተመድበው እንዲቀጥሉ ተደረገ። ስልኩ ተቋርጦ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የውጤት መዝገቡ ወዲያ ማዶ ቀርቶ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አምጣ ማለት ትርጉም አልነበረውም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም ትምህርቱን ያቆራረጠበትን ወጣት ቁጥር አበዛው። መዝገብ በጠፋበት አገር የሚቀረው ምስክር ሰውዬው ራሱ ነው። ፈትኖ የሚቀበል ሥርዓት የሌለው ተቋም እንዲህ ያለውን ተማሪ ከማባረር ወይም ከዜሮ ከማስጀመር ሌላ አማራጭ አይኖረውም።

ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ብዙ ደክሟል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ኮሌጅ በኢሊኖይ ጆሊየት ከተማ በ1901 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ዓላማው ሁለቱን ዓመት በቅርብና በርካሽ አስተምሮ ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማሻገር ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚማሩበት የሰሜን ቨርጂኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ስምምነት የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ከመጀመሪያው ቀን ለተማሪው ያሳያል። ተማሪው ክፍል ሳይገባ ያወቀውን በፈተና አስመስክሮ ክሬዲት የሚያገኝበት መንገድም እዚያው አለ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ የትምህርት በር የተዘጋበት ሠራተኛ በሥራ ያገኘው እውቀት እንዲቆጠር መሠረት ጣለች። የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃን ለመቀባበል በ2014 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ሰነድ ደግሞ የተፈረመው በእኛው ዋና ከተማ ሲሆን የአዲስ ስምምነት ይባላል። ያልተጠናቀቀ ትምህርትም እውቅና ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል።

ሰሜን ወሎ ላይ ይህን መጀመር የሚቻለው ከጠባብ ቦታ ይመስለኛል። የግብርና ዲፕሎማውን ካሪኩለምና የመርሳውን የዲግሪ ካሪኩለም ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አፈር፣ ሰብል ጥበቃ፣ መስኖና ኤክስቴንሽን ላይ ብቻ የትኛው ኮርስ ያለ ፈተና እንደሚያዝ፣ የትኛው በፈተና እንደሚያዝ፣ የትኛውን የግድ እንደሚማሩት መጻፍ ነው። ለሥራ ልምዱ የተግባር ምዘና ይዘጋጅ፤ የሲኦሲ መዛኞች ለዚህ የሚሆን ልምድ አላቸው። ሰነዱ በሴኔት ይጽደቅና አንድ የልማት ሠራተኛ ከመመዝገቡ በፊት እንዲያነበው በሬጅስትራሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቅር የሚለው ካለ ይግባኝ የሚልበት ኮሚቴም ይሰየም።