ኤሌክትሪክ ለደከመ ጡንቻ የሚሰጠው ርዳታ

ሰው እግሩን ለማንሣት ባሰበ ጊዜ ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በነርቭ በኩል እስከ ጡንቻ ይደርሳል፤ ጡንቻውም ይኰማተራል። ይህ መልእክት በኤሌክትሪክ ኃይል የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ከውጭ የሚሰጥ ኤሌክትሪክ ሊተካው ይችላልን? ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚንፈራገጥ እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ገለጠ፣ ጥያቄው አዲስ አይደለም።

ዛሬ ለሕክምና የሚያገለግለው መሣሪያ በቆዳ ላይ በሚለጠፉ ንጣፎች አማካይነት አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ይልካል። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ምቱ የሚቀሰቅሰው ጡንቻውን ራሱን ሳይሆን ወደ ጡንቻው የሚገባውን ነርቭ ነው። ስለዚህ ነርቩ ፈጽሞ የተቈረጠበት ጡንቻ ለእንደዚህ ያለው አጭር ምት አይታዘዝም።

ጥቅሙ ጐልቶ የሚታየው ነርቩ ደኅና ሆኖ ሳለ ትእዛዙ በደከመበት ሰው ላይ ነው። ጉልበቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በሕመሙና በእብጠቱ ምክንያት የጭኑን ጡንቻ እንደ ልቡ ማዘዝ ስለሚያቅተው፣ ጡንቻው ቶሎ ይከሳል። ኤሌክትሪኩ ከተለመደው እንቅስቃሴ ጋር ሲሰጠው ግን ኃይሉን ለመመለስ ይረዳዋል። እንዲሁም ሊበርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ግማሽ አካላቸው ለማይታዘዝላቸው ሕመምተኞች በጫማ ውስጥ ማብሪያ አኖሩ፤ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ምቱ ከጉልበት በታች ወዳለው ነርቭ ሄዶ የሚጐተተውን እግር ያነሣ ነበር።

ታዲያ ጤናማ ሰው ያለ ድካም ተቀምጦ ሊጠነክር ይችላልን? በተፈጥሮ እንቅስቃሴ ለድካም የሚጸኑት ትናንሽ የጡንቻ ክፍሎች ሥራውን ይጀምራሉ፤ ሌሎቹም እንደ አስፈላጊነቱ እየተጨመሩ ይተጋገዛሉ። ኤሌክትሪክ ግን ለንጣፉ የቀረቡትን እነዚያኑ ክፍሎች ደጋግሞ በአንድነት ስለሚያሠራ ጡንቻው ፈጥኖ ይደክማል። ጥቂት ኃይል ሊጨምር ቢችልም፣ ሩጫ ለልብና ለሳንባ የሚሰጠውን ልምምድ አይተካም።

ጕዳትም አለው። መላ ሰውነትን በአንድ ጊዜ፣ ያውም በመጀመሪያው ቀን በኃይለኛ ምት ያሠራ ሰው ጡንቻው ሊፈርስ፣ ከፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባውም ነገር ኵላሊቱን ሊጐዳ ይችላል። በልቡ ላይ የምት መቈጣጠሪያ መሣሪያ ያለበት ሰውም ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊሞክረው አይገባም።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ ስንመዝን፣ ትእዛዙ የተቋረጠው የት ላይ ነው ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ጡንቻውን ለማዘዝ የተቸገረ ሕመምተኛ ባለሙያ እየተቈጣጠረው ርዳታውን በጊዜ ያግኝ፤ ማዘዝ የሚችለው ግን ራሱ ተነሥቶ ይሥራ እንላለን።