ኦሪትና ትርጓሜው፦ የቤተ እስራኤል ሃይማኖት በጎንደር



የአይሁድን እምነት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። የጎንደሯ ወለቃ፣ ወገራና ስሜን ቤተ እስራኤል ለዘመናት የኖሩባቸው ስፍራዎች ናቸው።

የእምነቱ መሠረት አንድ አምላክ፣ ከአብርሃም ጋር የቆመ ኪዳንና በሲና ለሙሴ የተሰጠ ሕግ ነው። ቤተ እስራኤል ሕጉን ኦሪት ብለው በግእዝ ያነቡታል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም በዚያው ልሳን ያነቡታል። ብዙዎቹ ሌሎች አይሁድ ከኦሪት ጋር ታልሙድን፣ ማለትም የሊቃውንቱን የቃል ሕግና ክርክር፣ ይከተላሉ። ቤተ እስራኤል ግን ታልሙድ አልነበራቸውም።

ይህ ልዩነት ዋጋ አስከፍሏል። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድነታቸውን ቢያጸኑም፣ እስራኤል ከገቡ በኋላ የሃይማኖት ባለ ሥልጣናት ሥርዓተ ጥምቀት ስለ ጠየቋቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ብዙዎች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ።

እኔ ግን «ጎደሎ» የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ማንኛውም መጽሐፍ ያለ ትርጓሜ ሕግ ሆኖ አይኖርም። ሰንበት እንዴት ይከበራል? የመንጻት ሥርዓት እንዴት ይፈጸማል? በጎንደር መልሱ የሚገኘው ከቀሳውስቱ ቃልና ከቤተሰቡ ኑሮ ነበር። በስግድ በዓል ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፤ ኦሪት ይነበባል፣ ይሰገዳል፤ ሲወረድም ጾሙ በማዕድ ይፈታል። ኪዳኑ በየዓመቱ የሚታደሰው እንዲህ ነው።

እስራኤል በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጋለች። ለእኛ ተመራማሪዎች የቀረው ሥራ የቀሳውስቱን ትርጓሜ፣ የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ፣ ከአንደበታቸው መመዝገብ ነው።