የመንገድ ሥራ ወጪ ለምን ከታሰበው በላይ ይሆናል?

ከሎድዋር በካኩማ በኩል ወደ ሎኪቾጊዮ የሚያልፈው መንገድ ለካምፑ ነዋሪ የኑሮ በር ነው። ራሽኑም ሆነ የሱቁ ዕቃ የሚገባው በዚሁ ነው፤ ጠና ያለ ሕመምተኛም ወደ ሎድዋር የሚወሰደው በዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ የመንገድ ሥራ «በጀቱ አልቋል» ተብሎ በመሐል ሲቆም ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም።

ገንዘቡ ሲያልቅ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌባን ነው። ሌብነት የለም አይባልም። ሆኖም አንድ ሳንቲም ሳይሰረቅም ወጪው ሊያሻቅብ ይችላል፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር የሚወሰነው ማሽን ከመምጣቱ በፊት፣ በዕቅዱ ጊዜ ነው።

ቤንት ፍሉብየርግ የተባሉ የዴንማርክ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በ20 አገሮች የተሠሩ 258 የመንገድ፣ የባቡርና የድልድይ ሥራዎችን መርምረው ነበር። ከ10ሩ 9ኙ ከተገመተላቸው በላይ ፈጅተዋል፤ የመንገዶቹ ጭማሪ በአማካይ 20 በመቶ ነበር። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ይህን በስሕተት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ሥራው እንዲፈቀድ ሲባል ወጪው ሆን ተብሎ አሳንሶ ይቀርባል።

ዕቅድ በአብዛኛው የሚጎድለው በሚከተሉት ነው፦

1ኛ/ አፈር። ጥቁር አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀድሞ ተቆፍሮ ካልተመረመረ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ወጥቶ በሌላ አፈር መተካት አለበት። ይህ ደግሞ በውሉ ያልነበረ ሥራ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል።

2ኛ/ ውኃ። ላጋው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ግን በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። በበጋ ብቻ አይቶ ጠባብ ቱቦ የቀበረ ዕቅድ በመጀመሪያው ጎርፍ ይታጠባል፤ አንድ መንገድም ሁለት ጊዜ ይሠራል።

3ኛ/ የገረጋንቲ ርቀት። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ ለ1 ኪሎ ሜትር 900 ሜትር ኩብ ገረጋንቲ ይፈልጋል። አንድ መኪና 10 ሜትር ኩብ ቢጭን 90 ምልልስ ነው። ገረጋንቲው በ5 ኪሎ ሜትር ይገኛል ተብሎ ታቅዶ በ20 ኪሎ ሜትር ቢገኝ፣ እያንዳንዱ ምልልስ በ30 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሜትር መንገድ 2,700 ኪሎ ሜትር ያልታሰበ ጉዞ ይጨመራል ማለት ነው። ነዳጁን፣ ጎማውንና የሾፌሩን ቀን ማስላት ለአንባቢ አያዳግትም።

4ኛ/ ቦታ ማስለቀቅ። ካሳ ሳይከፈል፣ የውኃ መስመርና የመብራት ምሰሶ ሳይነሣ ሥራ ከተጀመረ ማሽኑ ይቆማል። ተቋራጩም ለቆመበት ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል። ሥራው በዘገየ ቁጥር የነዳጅና የሬንጅ ዋጋ ሊጨምር ይችላል።

«ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። ለጥናት የሚወጣው ገንዘብ ከግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። መልካም ዕቅድ አፈሩን በየቦታው ያስመረምራል፣ የጎርፉን ከፍታ ይለካል፣ ቦታውን አስቀድሞ ያስለቅቃል። እንዲያም ሆኖ ሁሉን ማወቅ ስለማይቻል ለድንገተኛ ነገር መጠባበቂያ ይይዛል። ይህ ካልሆነ የጎደለው ከሌላ ቦታ ይሞላል፤ መንገዱ ያጥራል፣ ወይም ንጣፉ ይሳሳል፣ አለዚያም ለሌላ አገልግሎት የተመደበ ገንዘብ ይወሰዳል።

ይህ በካምፑ ውስጥ ለሚሠራ አነስተኛ መንገድና የውኃ መውረጃ ቦይም ይሠራል። አጥኚዎች መጥተው ሲጠይቁ ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ፣ የትኛው መተላለፊያ በክረምት እንደሚዘጋ፣ ማን በየት በኩል ውኃ እንደሚቀዳ ንገሯቸው። ከአጥኚዎቹ ብዙዎቹ አካባቢውን የሚያዩት ለጥቂት ቀናት፣ ያውም በደረቅ ወራት ነው። ክረምቱን እዚሁ የሚያሳልፈው ግን ነዋሪው ነው።