ጠመኔ አስቀምጬ ረቂቅ አነሣሁ

ጎንደር ውስጥ ሥራዬን ለጠየቀኝ ሰው «የመጻሕፍት አርታኢ ነኝ» ስለው ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ «የት መሥሪያ ቤት?» ይለኛል። የትም። የምሠራው ቤቴ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያየኝ ሥራ እንደፈታ ሰው ነው።

አሥራ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ዳባት፣ ኋላ ጎንደር ከተማ። የለቀቅኩት ማስተማር ጠልቼ አይደለም። ማታ ማታ የምሠራው የሰው ረቂቅ ቀን ከማርመው የፈተና ወረቀት ይልቅ እንቅልፍ እየነሣኝ ስለመጣ ነው። ውሳኔው ግን እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። ደመወዝ ሲቆም የጡረታ መዋጮም አብሮ ይቆማል፤ 7 በመቶው ከእኔ፣ 11 በመቶው ከመንግሥት ይገባ የነበረው ማለቴ ነው። አሁን ለእርጅናዬ የሚያዋጣልኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ደመወዝተኛ ባትሆን ኖሮ ዛሬም ጠመኔ በእጄ ነበር።

መምህር መሆኔ ለአርትዖት ያዘጋጀኝ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዱ የደባርቅ አካባቢ ሰው ናቸው፤ የልጅነት ትዝታቸውን ጽፈው አመጡልኝ። «ጓሳ» ያሉትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «ሣር» አደረግኩት፤ የአዲስ አበባ አንባቢ እንዲገባው ብዬ። ረቂቁን ተቀብለው አገላበጡና፣ «መምህር፣ በሣር የተከደነ ቤትና በጓሳ የተከደነ ቤት ዕድሜያቸው እኩል ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለካ ተማሪ ስታርም ትክክሉን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ረቂቅ ስታርም ግን የሚያውቀው ደራሲው ነው፤ የአንተ ሥራ መጠየቅ ነው። ሕጉም ቢሆን ከእሳቸው ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብት ሰጥቶታል።

በእርግጥ አርታኢ ዝም ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያርመውም አለ። የአማርኛ ትልቁ ራስ ምታት ሞክሼ ፊደል ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ። «ሠረቀ» ወጣ ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌብነት። ዛሬ ይህን ልዩነት የሚጠብቅ ጥቂት ስለሆነ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የቃላት ዝርዝር አዘጋጃለሁ፤ «ዓለም» ብዬ ከጀመርኩ እስከ መጨረሻው ገጽ «ዓለም» ነው። ሌላው ጣጣ የኮምፒውተሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ በድሮ ፎንት የተተየበ ረቂቅ አሁንም ይመጣል፤ ስከፍተው የማላውቀው ምልክት ብቻ ይሆናል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ረቂቅ የምልከው አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው በፍላሽ እያስያዝኩ ነበር።

ክፍያስ? የምንስማማው በገጽ ነው። አንድ ደንበኛ መጽሐፉ ታትሞ ተሸጦ እስካሁን አልከፈለኝም፤ ከእሱ ወዲህ ግማሹን ሳልቀበል፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ ሳላደርግ ገጽ አልገልጥም። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ መምህራን ይህቺን ከእኔ ኪሳራ በነፃ ውሰዱ።

ስሜ ሽፋኑ ላይ አለመኖሩ ይከነክነኝ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አልፎ አልፎ አዎን። ያን ጊዜ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን አስባለሁ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተረክበው ሲደክሙበት ኖሩ፤ እሳቸውም ሳያሳትሙት አለፉ። ሥራውን የተረከቡት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ በራሳቸው ስም ሳይሆን በኪዳነ ወልድ ስም። የደስታ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። የሌላውን አስቀደሙ ማለት ነው። እኔ እንኳ የራሴን ገና አልጀመርኩም።

የደባርቁ ሰው በቅርቡ ሁለተኛ ረቂቃቸውን ይዘው መጡ። ዛሬም «መምህር» ነው የሚሉኝ። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ጓሳን አትንካት» ብለው ጽፈዋል።